ቀኝ ፊት ጎማ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላንቻ አካባቢ እሠራበት በነበረው ጋራዥ፣ የኤቢኤስ መብራት አስቸገረኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው የታወቀ መድኃኒት ነበር። ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥበት ከሆነ ፊውዙ ይነቀላል። ያስጨነቀው መብራቱ ከሆነ ዳሽቦርዱ ተፈቶ አምፖሉ ይወጣል፤ አምፖል ለማውጣት ትዕግሥት ያጣ ደግሞ ከውስጥ በኩል ጥቁር ናስትሮ ይለጥፍበታል። ሥራው ፈጣን፣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። የተጠገነ ነገር ግን የለም።

በሠፈሩ መካኒኮች አልፈርድም። እጃችን የተፍታታው በላዳ፣ በፔጆ 404 እና በዲኤክስ ኮሮላ ነው። የእነዚያ ፍሬን ዘይትና ሸራ ነው፤ ጆሮና እጅ ያለው ሰው ይጠግነዋል። ከአውሮፓና ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ መኪናዎች ግን በየጎማቸው አጠገብ አውራ ጣት የምታክል፣ ሴንሰር የምትባል ፕላስቲክ ይዘው መጡ። ከእሷ የሚወጣው ሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያስብ ደግሞ ማንም አላስተማረንም።

ዋናው መካኒካችን ከዚህ ወግ ውጪ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ደብረ ዘይት አየር ኃይል በአውሮፕላን ቴክኒሺያንነት ኖረው፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ሙያቸውን ይዘው ወደ ከተማ ጋራዥ የገቡ ሰው ናቸው። ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። እሳቸው ዘንድ ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ ገና ቁልፍ ማቀበል ሳይማር ደብተር እንዲገዛ ይታዘዛል፤ የለካኸውን ካልጻፍከው አልለካኸውም ባይ ናቸው። ሌሎቹ መካኒኮች «አውሮፕላን መሰለው እንዴ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ደብተሩን ግን አያስቀሩም።

ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን (ኤቢኤስ የሚባለው) ከመኪና በፊት አውሮፕላን ላይ እንደነበረ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። እውነታቸውን ነው። የእንግሊዙ ደንሎፕ «ማክሳሬት» የሚባለውን መሣሪያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአውሮፕላን ያቀርብ ነበር፤ በ1966 ደግሞ ጄንሰን ኤፍኤፍ የምትባል መኪና ላይ ተገጠመ። ያ በሜካኒካል ዘዴ የሚሠራ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን፣ በሴንሰር እየለካ በኤሌክትሮኒክስ የሚወስነውን ዓይነት ቦሽ ሠርቶ በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ አወጣው። እኛ ጋ ሲደርስ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ አዲስ የሆነው ለእኛ ብቻ ነው።

ሴንሰሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። በዚያ ዘመን በብዛት የምናገኘው ዓይነት ውስጡ አንድ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከጎማው ጋር የሚዞር ባለ ጥርስ የብረት ቀለበት አለ። ጥርሱ ሲቀርብ የማግኔቱ መስክ ይበረታል፣ ክፍተቱ ሲመጣ ይላላል፤ በዚህ መዋዠቅ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከባትሪ የሚቀበለው የለም፤ ራሱ አመንጪ ነው። ቀለበቷ 48 ጥርስ የሆነ ኮሮላ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ኮምፒውተሩ ከአንድ ጎማ በሴኮንድ 280 ያህል ምት ይቆጥራል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትሆን 35 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ፍጥነት ሲቀንስ ታዲያ የሚቀንሰው የምቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቮልቱም አብሮ ይደክማል። በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል ያለው ርቀት በትንሹ እንኳ ከሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋው የዝግታው ምልክት ነው።

ይህ በደንብ የገባኝ ጡረታ በወጡ አንዲት ነርስ ኮሮላ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ በደረቀበት ሰሞን መጡ። መኪናቸውን ግቢው ውስጥ ካቆሙ በኋላ ቶሎ አልወረዱም፤ መሪውን እንደያዙ ትንሽ ተቀመጡ።

«ምን ሆነች ሲስተር?» አሏቸው ጋሼ።

«መብራቷ ይበራ ይጠፋ ነበር። አንድ ጋራዥ ወስጄ ሴንሰር ቀየሩልኝ፤ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ልቆም ስል ከእግሬ ሥር ታጉረመርማለች። ፍሬኑን ረግጬውም ትሸሸኛለች። ዛሬ ጠዋት ዜብራ ላይ ልጅ ልገጭ ነበር።»

«በፍጥነት ሲይዙስ?»

«በፍጥነት ስይዝ ደህና ናት። ልትቆም ጥቂት ሲቀራት ነው።»

«የወጣው አሮጌ ሴንሰር የት ደረሰ?»

«እኔ ጋ ነው። ገንዘብ የከፈልኩበትን ነገር አልጥልም» አሉና ከፖርታባጋሎው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

ጋሼ ፌስታሉን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ንዳ» አሉኝና ከጎኔ ተቀመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። በ40 ይዤ ፍሬን ስረግጥ ምንም የለም፤ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀስ ብዬ ልቆም ስል፣ ጠቋሚው ከ10 ወርዶ ሊተኛ ሲቃረብ፣ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ፔዳሉም ጫማዬን ወደ ላይ እየመታ መለሰው። መኪናዋ ከምትቆምበት አልፋ ሄደች። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጎማ በማይቆልፍ ቀስ ያለ አያያዝ!

ጋሼ አልተገረሙም። «ሦስቱ ጎማ 8 እያሉ አንዱ ዜሮ አለው» አሉኝ። «ይሄ ጎማ ተቆልፏል ብሎ ፍሬኑን ለቀቀለት። ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የዋሸው ሌላ ነው።»

ጋራዡ ያኔ የረባ የምርመራ ኮምፒውተር አልነበረውም። ቶዮታ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ መላ ትቷል። ከመሪው ሥር ካለው የምርመራ ሶኬት ውስጥ 4 ቁጥርና 13 ቁጥር ቀዳዳዎችን በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው፤ የኤቢኤሱ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የተመዘገበውን ብልሽት ይቆጥራል። ሦስት ብልጭታ፣ ትንሽ ፋታ፣ አንድ ብልጭታ። 31። ቀኝ ፊት ጎማ ማለት ነው፤ 32 ግራ ፊት፣ 33 ቀኝ ኋላ፣ 34 ግራ ኋላ ነው። ሴንሰሩን የቀየሩት ሰዎች ይህን ቁጥር ሳይሰርዙት ኖሯል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቀኝ ማለት መሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቀኝ ነው። ኮፈን ከፍቶ ከፊት የቆመ መካኒክ ቀኙ የመኪናዋ ግራ ነው። በዚህ ብቻ ጤነኛ ሴንሰር ተነቅሎ የታመመው ሲቀር አይቻለሁ። ጋሼ አዲስ ረዳት ሲመጣ ከመኪና ፊት አቁመው «ቀኝ ጎማ አሳየኝ» የሚሉት ለዚህ ነበር።)

«ያው ቀኝ ፊት ነው እንግዲህ፤ ሴንሰሩ ድጋሚ ይቀየራ» አለ አንዱ ልጅ።

«ቁጥሩ ቀበሌውን ነው የነገረህ» አሉት ጋሼ። «የቤት ቁጥሩን ራስህ ፈልግ።»

ቀበሌው ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ሴንሰሩ ራሱ፣ ከእሱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ፣ ዝናብና ጭቃ የሚገባበት ሶኬት፣ ባለ ጥርሱ ቀለበት፣ ሲያረጅ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ የሚያወዛውዝ ኩሽኔታ። የዚች ኮሮላ ቀለበት ያለው ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ፣ በሴሚያሱ ላይ ነው። ሴሚያስ ደግሞ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዝቶ ይገጠማል፤ ቀለበት የሌለው ወይም የጥርሱ ቁጥር የተለየ ሴሚያስ ተገጥሞበት ወራት ሙሉ ሴንሰር ሲቀያየርበት የኖረ መኪና እኛም ጋ መጥቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚጽፈው ያንኑ 31 ነው።

ሁለቱን የፊት ጎማዎች በክሪክ አነሳን፤ ጎማዎቹን ፈታን። ጋሼ ሶኬቱን ነቅለው በቢጫዋ ቴስተር ኦሙን ለኩ፤ ቀኙ 1.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ግራውም ያንኑ ያህል። ከቦዲው ጋር ንክኪ አለው ወይ ብለው አንዱን ጫፍ ብረት ላይ አስነኩት፤ የለም። እኔ በደብተሩ ላይ ጻፍኩ። የመጽሐፍ ልክ ባይኖረን እንኳ ግራው ለቀኙ መጽሐፍ ነው ይሉ ነበር፤ ሁለቱም ጎን አንድ ዕቃ ስለሆነ ጤነኛው ጎን ምን ማለት እንዳለበት ይነግራል። ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዞሩትና «አሽከርክር» አሉኝ። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። የግራውን ሞዞ በሴኮንድ አንድ ዙር ያህል በእጄ ሳዞር ቁጥሩ ወደ ግማሽ ቮልት ተጠጋ። ቀኙን በዚያው ፍጥነት ባዞረው የዚያን ሩብ እንኳ አላወጣም።

ሽቦው ደህና፣ መጠምጠሚያው ደህና፣ ኩሽኔታው አይወዛወዝ፤ ታዲያ ምልክቱ ለምን ደከመ? ጋሼ በባትሪ መብራት ሴንሰሩ የገባበትን ቀዳዳ አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ብር ኖት አወጡ። ያኔ አንድ ብር ወረቀት ነበር። የብሯን ጠርዝ ሴንሰሩ ትከሻና ብረቱ መካከል ሰደዷት፤ ገባች። መግባት አልነበረባትም። ሴንሰሩ ብረቱ ላይ ልጥፍ ብሎ መቀመጥ ሲገባው በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል። በ10 ቁልፍ ብሎኑን ፈትተን ስናወጣው ነገሩ ሁሉ ታየ። ቀዳዳው አፍ ላይ የክረምቱ ዝገት ቅርፊት ሠርቷል፤ የፊተኛው መካኒክ ቅርፊቱን ሳያነሳ አዲሱን ሴንሰር በላዩ አስቀምጦ አጥብቆበታል። የሴንሰሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ማግኔቱ የሰበሰበው የብረት ብናኝ ጢም አውጥቷል።

ብርጭቆ ወረቀት እርሳስ ላይ ጠቅልሎ ቀዳዳውን ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ። መዶሻ የተከለከለ ነው፤ ሴንሰሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰበርና ግማሹ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ መሰርሰር ይመጣል። ጋሼ ከቀለበቱ አንድ ጥርስ በጠመኔ ምልክት አደረጉና ዙሪያውን በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን እየጠረጉ ቆጠሩ። 48 ሙሉ፤ የተሸረፈም፣ የተሰነጠቀም የለም። ሴንሰሩ ተመልሶ ገባ፤ ብሯ ለመግባት እምቢ አለች። ሞዞውን ሳዞር ቀኙ ከግራው እኩል ቮልት አወጣ።

የቀረው መዝገቡን መሰረዝ ነበር። ያንኑ የወረቀት መያዣ ሽቦ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ የፍሬን ፔዳሉን በ5 ሴኮንድ ውስጥ 8 ጊዜ መርገጥ ነው። ከውጭ ለሚያይ ያበደ ሹፌር ይመስላል፤ ሲስተርም በመስኮት እያዩኝ ሳቁ። መንገድ ላይ ወጥተን ደጋግመን ያዝናት። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ድምፅ ሳታሰማ ቆመች።

ጋሼ እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ፌስታሉን ፈቱት። አሮጌውን ሴንሰር ቴስተሩ ላይ ሲያገናኙት ልክ እንደ አዲሱ 1.5 ኪሎ ኦም ገደማ አነበበ። ልጁ «ጤነኛ ዕቃ ነው የቀየሩባቸው!» ብሎ ሊሳደብ ሲል ጋሼ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ገመዱን በሁለት ጣት ይዘው ስንዝር በስንዝር እያጠፉ ሄዱ። ከላስቲክ ማሰሪያው አጠገብ ሲደርሱ ቁጥሩ ጠፍቶ የቴስተሩ ግራ ጥግ ላይ 1 ብቻ ቀረ፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ሲያቃኑት ቁጥሩ ተመለሰ። ላዩ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ገመዱ ስለሚታጠፍ ነው መብራቱ ይበራ ይጠፋ የነበረው።

እናም የፊተኛው ጋራዥ ዕቃውን በትክክል ነው የለየው። ዝገቱን ማንሳት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ አልሠራውም፤ ሠርቶም ቢሆን የሚከፍለው አልነበረም። የዚያን ዘመን ነገር ሳስብ ይህ ነው የሚከነክነኝ። ደንበኞቻችን ለዕቃ ይከፍላሉ፤ በካርቶን የታሸገ ነገር በእጃቸው ሲይዙ ገንዘባቸው የት እንደገባ ያያሉ። ለመለካት፣ ለማጽዳት፣ ለማሰብ የሚከፍል ሰው ግን ጥቂት ነው። መካኒኩ ደግሞ የሚከፈልበትን ይሠራል።

ሲስተርም ያው ነበሩ። ሒሳቡን ሲሰሙ «ምን ዕቃ ቀየሩና ነው?» አሉ።

«አልቀየርኩም ሲስተር» አሉ ጋሼ። «የቀየርኩ እንደሆነማ የዚህን እጥፍ ይከፍሉኝ ነበር፤ እኔም አልከራከርም ነበር።»

ሲስተር ትንሽ ዝም ብለው ከፈሉ። ከዚያ በኋላ የጎረቤታቸውን መኪና ሁሉ ወደ እኛ ይልኩ ጀመር።

ጋሼ አሁን በሕይወት የሉም፤ ጋራዡም ቦታው ለግንባታ ተፈልጎ ፈርሷል። እኔ እዚያው ሙያ ውስጥ ነኝ። የመኪናውን አራት ጎማ ፍጥነት በአንድ ስክሪን እያሳየ አብሮ የሚሄድ ስካነር አለኝ፤ ያኔ አንድ ከሰዓት የፈጀብንን ዛሬ አንድ ዙር ነድቼ አየዋለሁ። ሦስቱ 9፣ 9፣ 9 ሲሉ አንዱ ዜሮ ሲል ይታያል። ድንቅ መሣሪያ ነው። አራቱም ሴንሰሮች ጤነኛ ሆነው አንዱ ቁጥር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ከፍ ካለ ደግሞ ጎማውን እዩ፤ ቁመቱ አነስተኛ የሆነ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ነው። በርካሹ የስልክ መሰኪያ ግን አትታለሉ፤ አብዛኛው የሞተሩን ኮድ እንጂ የኤቢኤሱን አያነብም።

ሴንሰሩም ተለውጧል። አሁን የሚመጡት በአብዛኛው ባትሪ የሚፈልጉ ናቸው፤ መኪናው ቆሞ ሊንቀሳቀስ ሲል ጀምሮ ያነባሉ፤ በቮልት ፋንታ 7 እና 14 ሚሊ አምፔር እያፈራረቁ ነው የሚናገሩት። እነዚህን በኦም መለካት ምንም አይነግርም፤ ሊያበላሽም ይችላል። ባለ ጥርስ ቀለበቱም በብዙዎቹ ላይ ቀርቶ የኩሽኔታው ሽፋን ራሱ ማግኔት ሆኗል። ኩሽኔታ ሲቀየር ተገልብጦ ከተገጠመ ማግኔቱ ከሴንሰሩ በተቃራኒ ይዞርና ምልክቱ ጭራሹን ይጠፋል። ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ የወረቀት መያዣ ሽቦ ጠጋ አድርጉለት፤ ማግኔቱ ያለበት ጎን ይስበዋል፤ ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ሞተራቸው ሌላ ነው፤ በየጎማቸው ያለው ሴንሰር ግን ያው ነው፤ ክረምቱም፣ ጭቃውም፣ ዝገቱም ያው።

ናስትሮውም አልጠፋም። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከሦስት ሴኮንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ፤ መጠገን ይቻላል። ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራና የእጅ ፍሬኑም ከተለቀቀ፣ ዘይቱም ከሞላ፣ የፊትና የኋላ ፍሬኑን የሚያመጣጥነው ክፍልም ቆሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል አትንዱት። ጭራሽ ካልበራ ግን አንድ ሰው አምፖሉን አውጥቶት ወይም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሻጩ አስፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።